በአሮጌ ፊልም ውስጥ ስለሚታዩ የጥንት ጥበቦች

የሚንቀሳቀስ ሥዕል በዓለም ላይ ከተገለጸ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆነው። ሰው ሁሉ ወደ ሲኒማ የሚሄደው ታሪክ ለማየትና ለመሳቅ ወይም ለማዘን ነው። እኛ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከታሪኩ ይልቅ ከታሪኩ በስተጀርባ ያለውን ነገር፥ ይኸውም መንገዱን፥ መብራቱን፥ ሠረገላውንና በሰዎቹ እጅ ያለውን ዕቃ አተኩሮ መመልከትን ልማድ አድርገናል። ፊልሙን ያነሣው ሰው ሳያስበው በሥዕሉ ውስጥ የገባው ነገር አስቦ ካነሣው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያስደንቅ ሆኖ አግኝተነዋል። ስለዚህ ያየነውን በጥቂቱ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ልናካፍል ወደድን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመጀመር፥ በሊዮን ከተማ የፎቶግራፍ ዕቃ ፋብሪካ የነበራቸው ኦጉስትና ሉዊ ሉሚዬር የተባሉ ወንድማማቾች በ1895 ዓ.ም. ዲሴምበር 28 ቀን በፓሪስ ከተማ ግራን ካፌ በሚባለው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ገንዘብ እየተቀበሉ ሲኒማ ለሕዝብ አሳዩ። በዚያ ቀን አንድ አንድ ፍራንክ ከፍለው የገቡት ሰዎች 33 ብቻ ነበሩ። መሣሪያቸው አምስት ኪሎ ያህል የሚመዝን የእንጨት ሣጥን ሲሆን፥ በእጅ መዘውር እየዞረ ሥዕሉን ያነሣል፤ ያነሣውን ያትማል፤ ያተመውንም መልሶ በመጋረጃ ላይ ያሳያል። አንዱ ፊልም 17 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረውና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቅ ነበር።

በዚህ መሣሪያ ውስጥ ትልቁ ችግር ፊልሙን ማስኬድ አልነበረም፤ ማቆም ነበር እንጂ። ሥዕሉ ጥርት ብሎ እንዲነሣ ፊልሙ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 16 ጊዜ ያህል ቀጥ ብሎ መቆም፥ 16 ጊዜም ወደ ፊት መራመድ አለበት። ሉዊ ሉሚዬር ለዚህ መላ ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ነው። መርፌው ከጨርቁ በወጣ ጊዜ ጨርቁ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ መርፌው በገባ ጊዜ ይቆማል። እርሱም ይህን አካሄድ ወደ ፊልም አዛወረው። እንግዲህ በየቤቱ ጥግ ጨርቅ ለብሳ የምትቀመጠው የስፌት መኪና ለሲኒማ እንደ አክስት ናት ብንል የዝምድናው ቆጠራ አያሳፍረንም።

ይህ ጥበብ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው ሲኒማ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ በቅድመ አያቶቻቸው ይስቃሉ። ነገር ግን በጨለማ ክፍል ተቀምጦ፥ በዚያ የሌለ ሰው በጨርቅ ላይ ሲራመድ ያየ ሰው ቢደነግጥ ምን ያስነውረዋል? ይልቁንም የሞተውን በሕይወት እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ እኛን ሳያስደነግጠን መቅረቱ ነው የሚያስገርመው።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንለፍ። በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሲዮን ተደርጎ 50 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ መጥቶበት ነበር። የአሜሪካው የኤዲሰን ኩባንያ ሰዎች በዚያ ካነሡአቸው ፊልሞች አንዱ የሚሄድ መንገድ ያሳያል። ሰዎች የሚሄዱበት መንገድ ማለታችን አይደለም፤ ራሱ የሚሄድ መንገድ ነው እንጂ። ከእንጨት የተሠራ ወለል በኤሌክትሪክ ኃይል እየተነዳ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ ድልድይ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይዞር ነበር። ወለሉም ሁለት ክፍል ነበረው። አንዱ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ሲሄድ ሁለተኛው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ ሰውም ከማይንቀሳቀሰው ወደ ዝግተኛው፥ ከዝግተኛውም ወደ ፈጣኑ ይሻገራል። ሲሻገር እንዳይወድቅ የሚጨብጠው ዘንግ በየቦታው ተተክሎለት ነበር። በፊልሙ ላይ ረጅም ቀሚስ የለበሱ ወይዛዝርትና ባርኔጣ የደፉ ወንዶች እግራቸውን ሳያነሡ በፊታችን ሲያልፉ ይታያሉ። ዛሬ በታላላቅ የአይሮፕላን ማረፊያዎች እንዲህ ያለውን ወለል ረግጦ «ዘመን ምን ያመጣል!» የሚል መንገደኛ ብዙ ነው፤ ዘመኑ ግን ይህን ካመጣው ቆይቷል። እንዲያውም ከፓሪሱ በፊት በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ ኤግዚቢሲዮን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የማረከው ግን በ1902 ዓ.ም. በጀርመን አገር ቩፐር በተባለው ወንዝ ላይ የተነሣው፥ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚቆየው ፊልም ነው። በዚያ የሚታየው ባቡር በሐዲድ ላይ አይሄድም፤ ከሐዲዱ በታች ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ወንዙን ከግራና ከቀኝ አንፈራጥጠው የቆሙ የብረት እግሮች ሐዲዱን ተሸክመውታል፤ ባቡሩም በኤሌክትሪክ ኃይል በውኃው ላይ፥ ቀጥሎም በጎዳናው ላይ በሰዎች ራስ በላይ ያልፋል። በዚያ ያሉት ከተሞች በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተሠሩ ስለ ሆኑ በምድር ላይ ለሐዲድ የሚሆን ስፍራ አልተገኘም ነበርና፥ መሐንዲሶቹ በወንዙ ላይ ያለውን ባዶ አየር መንገድ አደረጉት። አሳቡን ያፈለቀው ኦይገን ላንገን የተባለው መሐንዲስ ሥራው ሳይጀመር በ1895 ዓ.ም. ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ቪልሄልም በ1900 ዓ.ም. ተሳፍረው ካዩት በኋላ በ1901 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ሲሆን፥ ቩፐርታል በተባለችው ከተማ እስከ ዛሬ ድረስ ሠራተኛውንና ተማሪውን ያመላልሳል።

ይህ ፊልም በኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተጠብቆ የኖረ ነው። ጥራቱ እጅግ ያስደንቃል። በመስኮት ያሉት ሰዎች፥ የመንገዱ ሰሌዳዎች፥ በጎዳናው ላይ የሚጫወቱት ልጆች ሁሉ ትናንት የተነሡ ይመስላሉ። ምክንያቱም ተራው ፊልም ወርዱ 35 ሚሊሜትር ሲሆን ይህኛው 68 ሚሊሜትር ነበር፤ በአንድ ሰኮንድም 30 ያህል ሥዕል ይነሣበት ነበር። እንግዲህ ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ መሣሪያ ከነበረ፥ «የጥንት ፊልም ሁልጊዜ የደበዘዘ ነው» የሚለው አነጋገር ከእውነት የራቀ ነው። (በዚሁ ባቡር ላይ በ1950 ዓ.ም. ቱፊ የምትባል የሰርከስ ግልገል ዝሆን ለማስታወቂያ ተሳፍራ ሳለ ደንግጣ፥ የሠረገላውን ግድግዳ ጥሳ ወደ ወንዙ ዘለለች፤ በሕይወትም ተረፈች። ጋዜጠኞች አብረዋት ተሳፍረው ነበር፤ ነገር ግን ስትወድቅ ያነሣት ሰው የለም። በፖስታ ካርድ ላይ የሚታየው ሥዕል ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው።)

በቤታችን ልጆቻችንን ሰብስበን እነዚህን ፊልሞች ስናሳይ በመጀመሪያ የሚሰማው ሳቅ ነው። ሰዎቹ እንደ ዶሮ ጫጩት እየተጣደፉ ሲሄዱ ያያሉና «የዱሮ ሰው አካሄዱ እንዲህ ነበረን?» ብለው ይጠይቁናል። የዱሮ ሰው አካሄዱ እንደኛው ነበረ። ፊልሙ የተነሣው በእጅ መዘውር በሰኮንድ 16 ሥዕል ያህል እየሆነ ነው፤ በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ድምፅ ያለው ሲኒማ ሲመጣ ግን መሣሪያው በሰኮንድ 24 ሥዕል እንዲያሳይ ተወሰነ። በ16 የተነሣውን በ24 ሲያዞሩት ሽማግሌውም፥ እመቤቲቱም፥ ቄሱም የሚሮጡ ይመስላሉ። ስለዚህ ከመሣሪያ የመጣውን ጉድለት በሰዎቹ ላይ እየጫንን ብዙ ዘመን ስቀንባቸዋል። ፊልሙን በትክክለኛ ፍጥነቱ ባሳየናቸው ጊዜ ልጆቹ ዝም አሉ፤ ታናሺቱም «ይህ ሰውዬ አባባን ይመስላል» አለች።

በዚህ ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። አሮጌውን ፊልም በኮምፒዩተር ቀለም እየቀቡ፥ በሁለት ሥዕሎች መካከል ያልነበረ ሥዕል እየጨመሩ፥ የፈረስ ኮቴና የደወል ድምፅ እያሰሙ ያቀርቡታል። ለዓይን ያማረ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የቀሚሱ ቀለም የመሣሪያው ግምት እንጂ የባለቤቲቱ ምርጫ አይደለም። አንድ ሰው የአያቱን ደብዳቤ አግኝቶ የጠፋውን መስመር በገዛ እጁ ቢሞላው ደብዳቤው የአያቱ መሆኑ በዚያ መስመር ላይ ያበቃል። እኛ የደበዘዘውን እንመርጣለን።

ፊልም ምን ያህል የታመነ ምስክር መሆኑን ለማወቅ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ማርኬት በሚባለው ጎዳና ላይ የተነሣውን ማየት ይበቃል። ማይልስ የተባሉ ወንድማማቾች መሣሪያቸውን በአንድ ትራም ግንባር ላይ አስቀምጠው ጎዳናውን ከላይ እስከ ወደቡ ድረስ አነሡት፤ 13 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ትራሙን የሚጎትተው ፈረስ አይደለም፤ ኤሌክትሪክም አይደለም። ከመንገዱ በታች በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ማለቂያ የሌለው የብረት ገመድ፥ በሌላ ቤት ባለ ሞተር ኃይል ሌሊትና ቀን ሲሮጥ፥ ትራሙ በመቆንጠጫ ገመዱን ሲይዝ ይሄዳል፥ ሲለቅ ይቆማል። ይህን ጥበብ አንድሩ ሃሊዲ የተባለ ሰው በዚያችው ከተማ በ1873 ዓ.ም. ጀመረው። በፊልሙ ላይ የገመድ ትራም፥ የፈረስ ጋሪ፥ ብስክሌትና አውቶሞቢል በአንድ ጎዳና ላይ ሲተላለፉ፥ እግረኛውም በመካከላቸው እንደ ልቡ ሲሻገር ይታያል። ትራፊክ ፖሊስ የለም፤ መብራት የለም፤ በመንገድ ላይ የተሰመረም ነገር የለም። አስተውሎ ለሚያይ ግን አንድ ተንኰል አለበት። አንዳንዶቹ አውቶሞቢሎች ዞረው እየመጡ ደጋግመው በፊታችን ያልፋሉ። ከተማዪቱ ብዙ አውቶሞቢል ያላት እንድትመስል ታስቦ የተደረገ ይመስላል።

ይህ ፊልም ለብዙ ዘመን በ1905 ዓ.ም. እንደ ተነሣ ይታሰብ ነበር። ዴቪድ ኪን የተባለ የፊልም ታሪክ መርማሪ ግን በመንገዱ ላይ የቆመውን የዝናብ ውኃ፥ የጥላውን አቅጣጫና በአውቶሞቢሎቹ ላይ ያለውን የሰሌዳ ቁጥር ከዘመኑ ጋዜጣና መዝገብ ጋር አስተያይቶ፥ ፊልሙ የተነሣው በ1906 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር አጋማሽ እንደ ሆነ አረጋገጠ። በዚሁ ወር በ18 ቀን ከተማዪቱን ታላቅ የምድር መናወጥ መታት፤ የተነሣውም እሳት ያን ጎዳና አቃጠለው። 3,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። ፊልሙ የተረፈው አደጋው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በባቡር ወደ ኒው ዮርክ ስለ ተላከ ነው። ከዚያ በኋላ በጎዳናው ላይ የገመዱ ትራም ቀርቶ የኤሌክትሪክ ትራም ተተካ። በመሣሪያው ፊት እየሮጡ የሚስቁት ልጆች በቀረው ጥቂት ቀን ውስጥ ምን እንደሚመጣባቸው አያውቁም። እኛ ግን እናውቃለን፤ ስለዚህ ይህን ፊልም ደጋግመን ለማየት አንደፍርም።

ስለ ሴቶች ሥራ ለማወቅ ለሚወዱ ደግሞ በ1904 ዓ.ም. በፒትስበርግ አካባቢ በዌስቲንግሃውስ ፋብሪካዎች ውስጥ የተነሡትን ፊልሞች እናመለክታለን። በዚያ ዘመን ሲኒማ የሚነሣው በፀሐይ ብርሃን ነበርና ሰፊውን የፋብሪካ አዳራሽ ማንሣት የማይቻል ይመስል ነበር። ቢሊ ቢትዘር የተባለው ፊልም አንሺ ግን የሜርኩሪ እንፋሎት መብራት አሰቅሎ አነሣው። መሣሪያውንም ዕቃ በሚያነሣው ታላቅ ክሬን ላይ አስቀምጦ በአዳራሹ ርዝመት በሠራተኞቹ ራስ በላይ አሳለፈው። በአንዱ ፊልም ላይ ሴቶች ተሰልፈው የሥራ ሰዓታቸውን መቆጣጠሪያ ሲወስዱ፥ በሌላውም ለኤሌክትሪክ ሞተር የሚሆነውን ሽቦ እየጠመጠሙ ሲሠሩ ይታያሉ። ሴቶች የመኪና ሥራ የጀመሩት በጦርነት ዘመን ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። እነዚህ ሴቶች ግን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዐሥር ዓመት በፊት በቦታቸው ተቀምጠው ሽቦ እየጠመጠሙ ነበር።

ሰው በአሮጌ ፊልም ውስጥ የራሱን ዘመን ዕቃ ማየት ሲፈልግ እንዴት እንደሚስት ደግሞ እንናገር። ቻርሊ ቻፕሊን የሠራው «ዘ ሰርከስ» የተባለው ፊልም በ1928 ዓ.ም. በሆሊውድ ሲታይ በቲያትር ቤቱ ደጅ የተነሣ አጭር ፊልም አለ። በዚያ ጥቁር ልብስ የለበሰች ሴት እጅዋን በጆሮዋ ላይ አድርጋ እየተናገረች ታልፋለች። በ2010 ዓ.ም. አንድ ሰው ይህን አይቶ «የኪስ ስልክ ይዛለች፤ ከሚመጣው ዘመን የመጣች ናት» አለ፤ ወሬውም ዓለምን ዞረ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ጆሮው የደከመ ሰው በእጁ የሚይዘው የመስሚያ መሣሪያ በገበያ ይሸጥ ነበርና ነገሩ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞስ ስልክ ቢሆን ኖሮ በዚያን ቀን በማዶ ሆኖ የሚመልስላት ማን ነበር?

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በ1922 ዓ.ም. በአሜሪካ የተነሣውና በእንግሊዙ በፓቴ የፊልም ማኅደር የሚገኘው ነው። ሁለት ሴቶች በመንገድ ሲሄዱ ትንሽ ሣጥን ያወጣሉ፤ አንዱን ሽቦ በመንገድ ዳር ከቆመው የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ ጋር ያያይዛሉ፤ ሌላውን ከጃንጥላ ጋር አገናኝተው ጃንጥላውን ይዘረጋሉ፤ ከዚያም ያዳምጣሉ። ይህንንም ሰዎች ስልክ ነው ብለው ነበር። ነገሩ ግን ሬዲዮ ነው። ጃንጥላው የአየር ሞገዱን ይቀበላል፤ ቧንቧው ወደ ምድር ያወርዳል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለች ትንሽ የማዕድን ድንጋይ ሞገዱን በጆሮ እንዲሰማ ታደርገዋለች። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ከአየር በሚመጣው ኃይል ብቻ ይሠራል። እኛ በየማታው ስልካችንን ኤሌክትሪክ ካላበላን የምንቸገር ሰዎች በዚህች ሣጥን ልንቀና ይገባናል።

እነዚህ ሁሉ መትረፋቸው ራሱ ተአምር ነው። የጥንቱ ፊልም እስከ 1950 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ ሴሉሎስ ናይትሬት ከሚባል ነገር ይሠራ ነበር፤ ይህም ፈጥኖ የሚቀጣጠል፥ አንድ ጊዜ ከተነሣ በውኃ ውስጥ እንኳ የሚነድ ነው። ባይቃጠልም በሣጥኑ ውስጥ እየተጣበቀ ዱቄት ይሆናል። የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት እንደ ተገለጸው በዚያ አገር ከተሠሩት ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች ከመቶው 70 ያህሉ ጠፍተዋል። ከተረፉትም አንዳንዶቹ ያመለጡት ማንም ባላሰበው መንገድ ነው። ከ1912 ዓ.ም. በፊት የአሜሪካ ሕግ ፊልምን እንደ ፊልም መዝግቦ መብት ስለማይሰጥ፥ ባለ ንብረቶቹ ሥዕሎቹን በረጅም ወረቀት ላይ አትመው እንደ ፎቶግራፍ ያስመዘግቡ ነበር። ፊልሙ ተቃጠለ፤ ወረቀቱ ተረፈ። በካናዳ ዳውሰን በምትባል ብርዳም ከተማ ደግሞ ከ500 የሚበልጥ የፊልም ጥቅል በ1978 ዓ.ም. ከመሬት ተቆፍሮ ወጣ። በእንግሊዝ አገር ብላክበርን በምትባለው ከተማም በ1994 ዓ.ም. አሮጌ ሱቅ የሚያፈርሱ ሠራተኞች በምድር ቤቱ ውስጥ ሚቸልና ኬንየን የተባሉ ባለ ሱቆች ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያነሡአቸውን 800 ያህል ጥቅሎች አገኙ። ከፋብሪካ የሚወጣ ሠራተኛ፥ በኤሌክትሪክ ትራም የሚሳፈር ሕዝብ፥ በመሣሪያው ፊት ባርኔጣውን የሚያወዛውዝ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነበረ።

በእኛም ቤት አንድ ቆርቆሮ ሣጥን ነበረ። በ1965 ዓ.ም. አክስታችን በደሴ ሲዳሩ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ በ8 ሚሊሜትር ፊልም ሠርጉን አንሥቶ በኋላ በፖስታ ልኮላቸው ኖሯል። ይህ ዓይነት ፊልም እንደ ናይትሬቱ አይቃጠልም፤ ሲያረጅ ግን እንደ ኮምጣጤ ይሸታል፥ ይኮማተራልም። ሣጥኑን በከፈትን ጊዜ ሽታው ቤቱን ሞላው። ባለ ሞያ ዘንድ ወስደን ወደ ኮምፒዩተር ተገለበጠ፤ ከአራቱ ደቂቃ ሦስቱ ተገኘ፥ አንዱ ጠፋ።

በተገኘው ውስጥ ዳሱ፥ በቅሎዎቹ፥ አንድ ፎልክስዋገን አውቶሞቢል፥ ጠጅ የሚያሳልፉ ጐልማሶች ይታያሉ። በአንድ ስፍራ በተከፈተው በር በኩል ፀሐይ ያረፈችበት ግድግዳ ላይ መዘውር ያለው የእንጨት ሣጥን ተሰቅሎ ይታያል። ልጆቻችን «የቡና መፍጫ ነው» ብለው ተስማሙ። እኛም ምን እንደ ሆነ ልንነግራቸው አፋችንን ስንከፍት፥ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አክስታችን ቀድመውን «ስልክ ነው እንጂ!» አሉ። አባታቸው የፖስታና የቴሌግራፍ ሹም ስለ ነበሩ ስልክ በቤታቸው ገብቶ ነበር። መዘውሩን ሲያዞሩት በስልክ ቤት ያለችው ሠራተኛ ታነሣለች፤ የሚፈልጉትን ሰው ስም ይነግሯታል፤ እርስዋም ገመዱን ሰክታ ታገናኛለች።

«እማማ፥ እርስዎ ታዲያ ከማን ጋር ይነጋገሩበት ነበር?» ብላ ታናሺቱ ጠየቀቻቸው።

አክስታችን ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፥ ባለቤታቸው ከጋብቻው በፊት በአዲስ አበባ ሥራ ላይ ሳሉ በወር አንድ ጊዜ ይደውሉላቸው እንደ ነበረ ነገሩን። በመካከል ያለችው ሠራተኛ የሚነጋገሩትን ሁሉ ሳትሰማ አትቀርም ነበርና፥ ሁለቱም ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ይነጋገሩ ነበር። ሠርጉ በተቆረጠ ጊዜ ግን አክስታችን ያችን ሠራተኛ ጠሩአት። ይህን ብለው ፊልሙን ወደ ኋላ እንድንመልስ አዘዙን። በዳሱ መግቢያ ነጭ ነጠላ የለበሰች ቀጭን ሴት ሁለት ሰኮንድ ያህል ትታያለች፤ ወደ መሣሪያው አትመለከትም። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይተናት ከእንግዶቹ እንደ አንዷ አልፈናት ነበር። አክስታችን ጣታቸውን በመስተዋቱ ላይ አድርገው ስሟን ጠሩ፤ ድምፅዋም እንዴት እንደ ነበረ አስመስለው አሰሙን።

ስሟን፥ ሥራዋንና የቆመችበትን ስፍራ በወረቀት ጽፈን በቆርቆሮው ሣጥን ክዳን ላይ ለጠፍነው። በፊልሙ ላይ ከሚታዩት ሰዎች አክስታችን ሃያ ሦስቱን ለይተው ነግረውናል። ዐሥራ አንድ ቀርተዋል። ከእነርሱም ሁለቱን ያውቋቸዋል የሚባሉ አንድ ሽማግሌ በወልድያ እንዳሉ ሰምተናልና፥ በሚመጣው ሳምንት ሥዕሉን ይዘን ወደ እርሳቸው እንሄዳለን።